የዓመት ፈቃዱን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ መንገድ ፕሮጀክቶች የምታወጡትን ዜና ሁሌም አነባለሁ። ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር አለቀ፣ ይሄን ያህል ቢሊዮን ብር ወጣበት፣ አፈጻጸሙ ይሄን ያህል በመቶ ደረሰ። ፎቶም አይጠፋም። ሄልሜት ያደረጉ ባለሥልጣናት በጣታቸው ወደ ሩቅ ያመለክታሉ፣ ከኋላቸው ግሬደር፣ መንገድ የሚደለድለው ማሽን፣ ቆሟል። ግሬደሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ስሙ አይነሳም፤ ቤቱ መቼ እንደገባም የሚጠይቀው የለም። የምጽፍላችሁ ስለሱ ነው።

ለዓመታት በመንገድ ሥራ ካምፖች ታይም ኪፐር ነበርኩ። ለማያውቀው፣ ታይም ኪፐር ማለት ማን ገባ ማን ቀረ ብሎ የሚመዘግብ፣ ኦቨርታይም የሚያሰላ፣ የፈቃድ ፎርም የሚቀበል ሰው ነው። የካምፑ ብሶት ሁሉ መጀመሪያ የሚራገፈው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አፋርም ሠርቻለሁ፣ ኦሞ ቆላም ወርጃለሁ። አሁን ከተማ ገብቻለሁ፤ የድሮ ባልደረቦቼ ግን ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውሉልኛል፣ ወሬውም ያው የድሮው ነው።

ሰሞኑን የአእምሮ ጤና፣ የሠራተኛ ደኅንነት የሚባሉ ነገሮች በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ መነሳት ጀምረዋል። ደስ ይላል። ባነር ይሰቀላል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሻይ ቡና ይባላል። ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚደረገው ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ማታ ማታ ቤቱ ለሚያድር ሰው ነው። ካምፕ ድረስ የሚመጣው ፖስተሩ ብቻ ነው። እሱም ስቶር በር ላይ ይለጠፍና ብዙም ሳይቆይ አቧራ ይበላዋል።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሩቅ ቦታ የሚሠራን ሰው መርዳት የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ቀን ይንገረው። ከዚያ ያንን ቀን ያክብርለት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የበረሃ አበል ይጨመር የሚል ብዙ ሰው አለ። ይጨመር፣ ማን ይጠላል። ግን አበል ያጣ ሰው ያማርራል፣ ይከራከራል፣ ሲብስበትም ጥሎ ይሄዳል። መሄጃ ቀኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ሰውዬው የእህቱ ሠርግ ጥር ላይ ስለሆነ ኅዳር ላይ ፎርም ይሞላል። ፎርማኑ ይፈርምለታል። ፕሮጀክት ማናጀሩ ጋ ሲደርስ «አሁን ሥራ ገፍቶ ነው፣ ትንሽ ይታገስ» ይባላል። ይታገሳል። ሠርጉ ያልፋል። ለፋሲካ ብሎ እንደገና ይሞላል። ለፋሲካ ደግሞ ካምፑ በሙሉ ነው የሚሞላው፤ ሁሉም መሄድ አይችልም፣ እንዳያጣላን ተብሎ ማንም አይሄድም። ግንቦት ላይ ዝናብ ሳይመጣ እንጨርስ ይባላል። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ ጭቃ ይሆንና ማሽኑ ሁሉ ይቆማል፣ ያኔ «በሉ ሂዱ» ይባላል። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ በጎርፍ በተቆረጠ መንገድ ወደ ቤቱ ይጓዛል። ከመስከረም ጀምሮ ሲጠብቁት የነበሩ ነገሮች በሙሉ እሱ በሌለበት አልፈዋል።

ሰው ሦስት ወር ከቤቱ ቢርቅ ይችለዋል። ጠረፍ ለጠረፍ ያረጁ ኦፕሬተሮች አውቃለሁ፣ አምስት ወርም ይችላሉ። ቀኑን ሲያውቁ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ፀጉራቸውን ይስተካከላሉ። ከገበያ ማር ያስገዛሉ፣ ለልጅ ጫማ ያስመጣሉ፣ ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን እያሉ ይጨነቃሉ። ሥራ ላይም ሳይጨቀጨቁ ይሠራሉ። አንድ የጠና ሾፌር ነበረን፣ ፈቃዱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሲኖትራኩን በየማለዳው ያጥብ ነበር። «ለማን ነው የምታሳምረው?» ስንለው «ተተኪው ቆሻሻ ሰው ነው እንዳይለኝ» ይላል። ፈቃዱ የተሰረዘ ዕለት ማጠቡን ተወ። ከዚያ በኋላ ውኃ ሲያስነካው አላየሁም።

አሠሪዎች ይሄ የኛ ቸርነት ነው ብለው እንዲያስቡ አልፈልግም። ሕጉ ላይ ያለ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ በየሁለት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍትም አለ። ሰው የማያነበው ሌላው ክፍል ደግሞ አሠሪው ፈቃዱን የሚሰጠው ፕሮግራም አውጥቶ፣ የሠራተኛውንም ፍላጎት በተቻለ መጠን አይቶ መሆን አለበት ይላል። ፕሮግራም ነው የሚለው። የማናጀሩን ፊት አይቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። እኔ ከሠራሁባቸው ካምፖች ይሄን ፕሮግራም ወረቀት ላይ አውጥቶ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፣ እሱን እመለስበታለሁ።

የሐዘን ፈቃድንም ተመልከቱ። የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሰው ሕጉ ደሞዝ የሚከፈልበት ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ያስኬዳል፤ ቀብሩንም ሠልስቱንም ይደርሳል። ከኦሞ ቆላ ተነስቶ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ነው፣ መኪና ከተበላሸ ሦስት። ድንኳን ውስጥ ሳይቀመጥ ፈቃዱ መንገድ ላይ ያልቅበታል። የመንገድ ቀን ከፈቃድ ጋር አይቆጠር የሚል አንድ መስመር የኅብረት ስምምነት ውስጥ ማስገባት ምን ያህል ከባድ ነው? ሠራተኛ ማኅበር ያላቸው ድርጅቶች ከዚህ ቢጀምሩ ጥሩ ነበር።

መርዶን ካነሳሁ አይቀር፣ ካምፕ ውስጥ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከተሜው ይወቀው። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው የሚነገረው። ካምፕ ውስጥ ስልኩ የሚመጣው ቢሮ ነው። ወንድም ይደውላል፣ ታይም ኪፐሯ ታነሳለች። ሰውዬው በዚያ ሰዓት ዶዘር ላይ ገደል አፋፍ ቆሟል። ፎርማኑ ይጠራል፣ በሹክሹክታ ይመከራል፣ «እስኪወርድ ማንም እንዳይነግረው» ይባላል። ሽማግሌ ይፈለጋል። ሽማግሌ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የጥበቃው አባባ ናቸው። ከዚያ ፒክአፕ ይዘጋጅና «አባትህን ትንሽ አሟቸው ነው፣ ደርሰህ ና» ይባላል።

እሱ ግን ወዲያው ይገባዋል። ካምፕ ውስጥ ሳይለምን መኪና የሚሰጠው ሰው ማን እንደሞተበት እንጂ ሰው እንደሞተበት ማንም ይነግረው ዘንድ አያስፈልገውም። ለታመመ እናት ፈቃድ ጠይቆ ወር የጠበቀ ሰው፣ ዛሬ ከሥራ አውርደው መኪና ሲያቀርቡለት ምን እንዲያስብ ትፈልጋላችሁ? እንደውም ሰዉ ከመልመዱ የተነሳ፣ ቢሮ ተጠርቶ «ፈቃድህ ተፈቅዷል» የተባለ ሁሉ መጀመሪያ ፊቱ ይጠቁራል። «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ ተራው ደርሶ ነበር፣ ማንም አልሞተበትም።

አሁን ደግሞ ኔትወርክ ያለበት ካምፕ ሌላ ጉድ አለው። የአክስት ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ ሰውዬው ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ሲከፍት ያየዋል። ብቻውን፣ በሰሃን ሽሮ ይዞ።

ወደ ፈቃዱ ልመለስ። ማናጀሮቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ይሄን ልናገርላቸው። ብዙዎቹም ራሳቸው ቤታቸውን ሳያዩ የሚከርሙ ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ግሬደር አንድ ኦፕሬተር ነው ያለው። እሱ ሄደ ማለት ግሬደሩ ቆመ፣ ግሬደሩ ቆመ ማለት ሮለሩም ውኃ ቦቴውም ቆመ ማለት ነው። ኮንትራክተሩ ደግሞ በዘገየ ቁጥር ቅጣት አለበት። ስለዚህ ማናጀሩ ፈቃድ ይከለክላል። ሲከለከል የቆየ ሰው በስንት ልመና ፈቃድ ሲያገኝ ደግሞ፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚያገኝ ስለማያውቅ በቀኑ አይመለስም። ሐኪም ቤት ነበርኩ ይላል፣ መኪና አጣሁ ይላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይቀራል። ማናጀሩም «አላልኳችሁም? ፈቃድ ስትሰጣቸው ይሄ ነው» ይላል። የሚቀጥለውንም ይከለክላል። እንዲህ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

ያ እመለስበታለሁ ያልኩት ካምፕ ይሄን የፈታው በቀላሉ ነበር። ድርጅቱ በቅርብ ርቀት ላሉ ፕሮጀክቶቹ አንድ ተተኪ ኦፕሬተር ቀጠረ። ግሬደርም ሎደርም የሚነዳ፣ ቋሚ ካምፕ የሌለው፣ ሥራው ፈቃድ የሚወጡ ሰዎችን እየተካ መዞር ብቻ የሆነ ሰው። ከዚያ ማናጀሩ የስድስት ወር የፈቃድ ተራ በማርከር ጽፎ ሜስ ቤት፣ ማለትም ሁላችንም የምንበላበት ቤት፣ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከወጥ ቤቷ እስከ መሐንዲሱ የሁሉም ስም ነበረበት። ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣ መኪና ተመደበ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ሁለት ሦስት ሰው በተጻፈው ቀን ሲሄድና በተጻፈው ቀን ሲመለስ ካምፑ ተቀየረ። ቀን የሚለዋወጡት እርስ በርሳቸው ሆነ፤ ሙስሊሞቹ ለገና ይቆያሉ፣ ክርስቲያኖቹ ለኢድ ይቆያሉ። ማናጀሩ ከጭቅጭቅ ተገላገለ፣ እኔም ተገላገልኩ። ለተተኪው የሚወጣው ደሞዝ ከቆመ ግሬደር የኪራይ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

አሁን ትንሽ የውስጥ ጉዳይ ላንሳ። የመንገድ ሥራ ውል ሲዘጋጅ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ዝርዝር አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱና ለሠራተኞቹ ቢሮ፣ መኖሪያ፣ መኪና እየተባለ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት ይከፈላል። የኮንትራክተሩ ሠራተኛ የሚያድርበት ካምፕ ግን በጥቅሉ የማቋቋሚያ ወጪ ውስጥ ይገባል። በጥቅል የገባ ነገር ደግሞ ሲቀነስ የሚያየው የለም። ለዚህ ነው ከአንድ አጥር ውስጥ ከወዲህ ኤር ኮንዲሽነር ያለው ቤት፣ ከወዲያ ስምንት ሰው የሚያድርበት የቆርቆሮ ክፍል የምታገኙት። አፋር ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ ለመገመት፣ ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ መሆኑን አስቡ። አማካይ ነው፤ ሌሊቱም፣ ቀዝቃዛ የተባለው ወርም ተደምሮበት። ቀን ላይ ብረት በጓንት እንኳ አይያዝም። ሌሊት ፍራሽ አውጥቶ ደጅ የማይተኛ የለም። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳል።

አይቻልም የሚለኝ ካለ፣ ኤችአይቪን ያስታውስ። የመንገድ ካምፖች በሽታውን ያስፋፋሉ ተብሎ ስጋት በነበረ ጊዜ፣ ሠራተኛውንና የአካባቢውን ሰው ማስተማር በብዙ ውሎች ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ገባ፣ ተሠርቶም ተከፈለበት። የተከፈለበት ስለሆነም ተሠራ። የሠራተኛ መኝታ፣ የፈቃድ መጓጓዣ፣ ኢንተርኔት፣ ነርስ እንዲሁ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ውል ውስጥ ይግቡ። ያልተሠራ እንደሆነ አይከፈል። የአገሪቱ ትልቁ የመንገድ አሠሪ መንግሥት ነው፤ ሌላ ማንንም መለመን ሳያስፈልገው ይሄን ማድረግ ይችላል።

ኢንተርኔት ስል የሚስቅ አይጠፋም። «ፌስቡክ ሊያዩ ነው?» ይባላል። አዎ፣ ፌስቡክም ይዩ፣ ምን አለበት። ግን ኔትወርክ በሌለበት ካምፕ ማታ ማታ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከካምፑ ራቅ ብሎ አንድ ጉብታ አለ። ሥራ ሲያልቅ ሰዉ እዚያ ይወጣል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ በርሜል ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይደውላል። ሚስቱን ሲቆጣ፣ ልጁን ሲያባብል፣ ዕዳ ሲለማመጥ ሁሉም ይሰማዋል። ምስጢር የለም። ከባለቤቱ ጋር የልቡን መነጋገር የሚፈልግ ሰው እስኪመሽ ጠብቆ ብቻውን ይወጣል፣ ጅብም እባብም አለ። ጀነሬተሩ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጠፋል። መርከበኞች በዚህ በኩል ቀድመውናል፤ የዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል መርከብ ላይ ላሉ ሠራተኞች ኢንተርኔት እንዲቀርብ የሚል ነገር ገብቶበታል። ውቅያኖስ መሐል ላለ ሰው ከታሰበ የብስ ላይ ላለነውማ!

ስለ ጭንቀትና ድብርት ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን የማየው አይጠፋኝም። ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚያውቀው ማናጀሩ አይደለም፣ እኔም አልነበርኩም። ወጥ ቤቷ ናት። ኦሞ ቆላ ሳለን ምግብ የምትሠራልን እትዬ ነበሩ፤ ማን ሰሃኑን ሳይነካ እንደመለሰ፣ ማን ምሳ እንደቀረ፣ ማን ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር መብላት እንደጀመረ በቃላቸው ያውቃሉ። አንድ ቀን ቢሮ መጥተው «ያ ልጅ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ቡና እንኳ እምቢ ብሎኛል፤ አንድ ነገር አድርጉ» አሉኝ። ልጁ ሰርቬየር፣ መሬት የሚለካ ባለሙያ ነው፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ። ሄጄ ሳናግረው «ደህና ነኝ» አለኝ። ደህና ነኝ የማይል የለም። እትዬ ግን አልተውትም፤ ማታ ቡና አፍልተው አጠገባቸው አስቀመጡት፣ እስከ ሦስተኛው በረካ ድረስ ምንም አልጠየቁትም። ከዚያ ራሱ ማውራት ጀመረ። በኋላ ከተማ ወርዶ ታከመ፣ ተመልሶም ሠራ።

እንግዲህ ድርጅቶች አማካሪ ከመቅጠራቸው በፊት እንደዚህ ያሉ ሴቶችን ቢያዳምጡ እላለሁ። ይሄ ማለት ግን ነገሩን በቡና እንፍታው ማለት አይደለም። ለእትዬ የሚነግሩት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፣ የደረሳቸው ግን ታይም ኪፐር ነው። እያንዳንዱ ካምፕ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ሰው አለኝ ይላል። ያ ሰው ቁስል ከማሸግና የወባ መድኃኒት ከመስጠት አልፎ፣ አልተኛም፣ አልበላም፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ሰው ሲመጣ ምን እንደሚጠይቅ፣ የት እንደሚልክ ይሠልጥን። አሁን ያለው ልማድ ሰው እስኪብስበት ጠብቆ፣ ሲያብድ «አማኑኤል ውሰዱት» ማለት ነው። ከማምሸቱም ሌላ ስም ይለጥፍበታል። አማኑኤል ደርሶ የተመለሰ ሰው ማሽን አይሰጠውም፣ ሰዉም ያንን ስለሚያውቅ ይደብቃል።

መጠጡንና ጫቱን ብዙ አላወራበትም። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም የሚሠራ ነገር የሌለበት ቦታ ላይ ሰው ይጠጣል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ደሞዙን ይበላል። አትጠጡ ከማለት አንድ ዲሽና አንድ ቴሌቪዥን ማስገባት ይረክሳል። የኳስ ጨዋታ ያለ ዕለት አረቄ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን የካምፕ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የሴቶቹን ጉዳይ ግን ሳላነሳ አላልፍም። ካምፕ የሚሠራው ለወንድ ታስቦ ነው። መቶ ወንድ ባለበት አጥር ውስጥ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ስጠይቅ «ለአንድ ሰው ብለን?» ተብያለሁ። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስ የሚገዛበት ሱቅ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ መኪና የሚወጣው ደግሞ ናፍጣ ሲያልቅ ነው። ማታ በር የሚያንኳኳ ይኖራል። ለማን ይነገራል? የሚነገረው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል የሚያንኳኳው። አሁን ብዙ ሴት ልጆች ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምረው ይወጣሉ፤ ሳይት ወጥተው በዓመታቸው የሚመለሱት ሥራው ከብዷቸው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ዋና መሥሪያ ቤት በቀጥታ የምትደውልበት፣ ከማናጀሩ የማያልፍ ሳይሆን ማናጀሩን የሚዘል አንድ ስልክ ቁጥር ይኑር።

ቤት የቀሩትም አሉ። ደሞዝ ሁለት ሦስት ወር ሲዘገይ ካምፕ ያለው ሰው ቢያንስ ሜስ ይበላል፣ ሚስቱ ግን ባለሱቁንና አከራይዋን የምትለው ታጣለች። ባሏ ጋ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ጉብታው ላይ ካልወጣ አይገኝም። ይሄኔ ሌላ ነገር መጠርጠር ይመጣል፣ ስንት ትዳር በዚህ ፈርሷል። በየመንገዱ የጸጥታ ችግር ካለበት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ጭንቀቱ ብሷል፤ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር የምትጠይቀው ሰው የላትም። ቤተሰብ ደውሎ «ሰላም ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሥራ ገብቷል» የሚል መልስ የሚያገኝበት አንድ ሰው ዋና መሥሪያ ቤት ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? መዝገቡ እንደሆነ በየቀኑ ይላካል።

ያው መንገድ ስለማውቅ ስለ መንገድ ጻፍኩ እንጂ ጉዳዩ የሁሉም ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ጀምሮ ሲዘረጋ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ነበር። ሁለት መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፣ አንዷ ፈቃድ ስትወጣ ግን አንዷ ብቻዋን ናት። አርብቶ አደር አካባቢ ብቻውን የሚያስተምር መምህር አለ። ተራራ ላይ ጠመንጃ ይዞ ዋልያ የሚጠብቅ ስካውት አለ፣ ብርዱን የሚያውቀው ያውቀዋል። የቴሌ ታወር የሚጠብቁ አባቶች አሉ፤ ሰው ሁሉ ኔትወርክ የሚያገኘው ከነሱ ራስ በላይ ካለው ብረት ነው፣ እነሱ ግን ካርድ የሚሞሉበት ስለሌላቸው ሚስድ ኮል ያደርጋሉ።

«ሥራ ያጣ ስንት ሰው እያለ ምን ያማርራሉ» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሥራ አጥ መብዛቱ ለተቀጠረው ሰው ዕረፍት የሚያስከለክል ከሆነ ከተማ ያለውም ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ይግባ። ደግሞ በረሃውን የሚወዱም አሉ፣ ይሄንንም መካድ አይገባም። ዝምታውን የለመዱ፣ ከተማ ሲገቡ ራሳቸውን የሚያማቸው፣ በአበላቸው ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያስተማሩ አውቃለሁ። እነሱም ቢሆኑ መሄጃ ቀናቸውን ይጠይቃሉ። ባይሄዱበት እንኳ ቀኑ እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ።

በሌላው አገር ይሄ ቅንጦት ተብሎ አልታለፈም። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በአውሮፕላን ተመላልሰው በረሃ ማዕድን የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ደሞዛቸውም የሚያስቀና ነው። ከመካከላቸው ራሳቸውን የሚያጠፉ መኖራቸው አሳስቦ የግዛቱ ፓርላማ ምርመራ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪፖርት አወጣ፤ በ2019 ደግሞ አሠሪዎች የሚመሩበት ደንብ ወጣ። እዚያም ከተነሱት ዋና ነገሮች አንዱ ስንት ቀን ተሠርቶ ስንት ቀን ይታረፋል የሚለው ነው። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው እነሱ ጋ ገንዘቡ አልጠፋም ነበር።

እናንተ ጋዜጠኞች ደግሞ አንድ ውለታ ዋሉልን። የሚቀጥለው የመስክ ጉብኝት ላይ መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ ሲያስረዳችሁ ትንሽ ፈንጠር በሉና ሜስ ቤት ግቡ። ምግቡን ቅመሱት። ግድግዳው ላይ የፈቃድ ተራ ተለጥፎ እንደሆነ እዩ። ካለ፣ የመጀመሪያው ስም ያለበት ሰው በተጻፈለት ቀን ሄዶ እንደሆነ ወጥ ቤቷን ጠይቋት። ከሌለም ማናጀሩን ጠይቁትና መልሱን ከአፈጻጸሙ መቶኛ ጎን ለጎን አውጡት።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ታይም ኪፐር